«ጽድቅ ነው» ሲሉሽ

ታናሼ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርት ሆነሽ ከምትጀምሪበት ከመስከረም አንሥቶ ሰው ሁሉ «የምትሠሪው ጽድቅ ነው» ይልሻል። ርዕሰ መምህሩ ይልሻል፤ የሠፈሩ እናቶች ይሉሻል፤ ደመወዝሽን የሰማ ዘመድ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይልሻል። አሜን ብለሽ እለፊ፣ ልብሽ ውስጥ ግን አታስገቢው። ለጽድቅ የሚሠራን ሰው ልጁ ማንበብ ቻለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ማዘኑ ይበቃዋል። አንቺ የተቀጠርሽው ለማዘን አይደለም። ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ለ»ን ከ«ሰ» ያልለየ ልጅ በጥቅምት ፊትሽ ይቀመጣል፤ ሰኔ ላይ ለይቶ መሄድ አለበት። ሥራሽ ይኸው ነው።

አጥብቄ የምነግርሽ በዚህ ሙያ ስኖር ብዙ ሰው ሲገባና ሲወጣ ስላየሁ ነው። ቶሎ የሚወጡት ልበ ደንዳኖቹ አይምሰሉሽ፤ እነሱማ መጀመሪያውኑ አይገቡም። ቶሎ የሚወጡት ሩኅሩኆቹ ናቸው። በጥቅምት ለእያንዳንዱ ልጅ ያለቅሳሉ፣ በጥር ይዝላሉ፣ በሚያዝያ ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ያስገባሉ። የሚቆየው የልጁ ስህተት የሚገርመው ሰው ነው። «‹ቤት› የሚለውን ‹ቢት› ብሎ ያነበበው ለምን ይሆን?» እያለ ማታ ጋደም ብሎ የሚያስብ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራው አይሰለቸውም፤ ሁለት ልጆች በአንድ መንገድ አይሳሳቱምና።

ስህተትን ማንበብ ደግሞ ትምህርት ቤት በቅጡ አያስተምሩትም። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሽው አብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ስህተት ነው፤ መጽሐፉ ሁሉ «ቢ»ን ከ«ዲ» በሚያምታታ ልጅ የተሞላ ነው። በእኛ ፊደል ልጅ የሚወድቅበት ቦታ ሌላ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲሄዱ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል፤ ሣልሱ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርደዋል፤ ኀምሱ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሉ፣ ሊ፣ ሌ። እንግዲህ ልጁ «ሉ»ን «ሊ» ካለ ቅጥያ መኖሩን አይቷል፣ የሳተው ቦታውን ነው። «ሊ»ን «ሌ» ካለ ቦታውን አግኝቷል፣ ያላየው ቅርጹን ነው። «ኘ»ን «ነ»፣ «ጀ»ን «ደ» የሚል ከሆነ ዓይኑ ከላይ ያለችውን ሰረዝ እየዘለለ ሊሆን ይችላል። «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ» ካለ ግን ቆም በዪ። እነዚህ በመልክ አይመሳሰሉም። የሚመሳሰሉት በድምፅ ነው። አፍሽን በወረቀት ሸፍነሽ «ጠራ» እና «ተራ» በዪውና አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ ብለሽ ጠይቂው። ካልለየ የፊደል ገበታውን አስቀምጪ፤ ችግሩ ጆሮው ጋ ነው፣ ወይም ድምፆችን ነጣጥሎ በመስማት ላይ ነው፣ ወይም ቤቱ ሌላ ቋንቋ ይነገራል። ሦስቱም የተለያየ ሥራ ይፈልጋሉ። አየሽ፣ በክፍል መምህሩ ሮስተር ላይ ግን ሁሉም «አያነብም» በሚል አንድ ቃል ነው የሚጻፉት።

ሳድስን በተለይ ተጠንቀቂው። ሌሎቹ ቤቶች ከሞላ ጎደል ደንብ አላቸው፤ ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል፤ ል፣ ም፣ ስ፣ ር እያልሽ እያንዳንዱን ለብቻው ከማስያዝ ሌላ መላ የለውም። ድምፁም እንደዚያው አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። «ልብስ» የሚለውን ቃል ስጪው፦ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ የጠራ ልጅ አገጣጥሞ «ልብስ» ማለት ሲያቅተው ታያለሽ። ይህ ልጅ ፊደል ያውቃል፤ የጎደለው ማጋጠሙ ነው። ተጨማሪ ገበታ ብታስቆጥሪው ጊዜውን ታባክኛለሽ። ከዚያ ደግሞ የሚጠብቀውና የሚላላው አለ፤ ጽሑፋችን ምልክት አያደርግለትም። «ገና» ብሎ የተጻፈውን በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው እንደሆነ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩን የተረዳ ሰው ብቻ ነው። ኃይሉን ሁሉ ፊደል በመልቀም የጨረሰ ልጅ ትርጉሙ ላይ ሳይደርስ ስለሚቀር አጥብቆ ማንበብ ያለበትን ያላላዋል። ልጆቹ ሲስቁበት ትሰሚያለሽ። አንቺ ደብተርሽ ላይ ጻፊው።

ደብተሩንም ልንገርሽ። በግራ ገጽ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል፣ በቀኝ ገጽ ልጁ ያለውን፣ ልክ እንዳለው። ቀኑን ከላይ። «ደካማ»፣ «ትኩረት የለውም»፣ «መሻሻል አለበት» የሚሉ ነገሮች እንዳትጽፊ፤ እነዚህ ለሪፖርት የሚሆኑ ናቸው፣ ላንቺ ምንም አይነግሩሽም። ጥቂት ሳምንት ስትቆዪ የስህተቱ ልማድ ራሱ ወጥቶ ይታይሻል። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «ለውጥ አለ?» ሲልሽም መልሱ እዚያው አለ፦ በኅዳር ካዕብና ሣልስን ያምታታ ነበር፣ በየካቲት አያምታታም።

ሌላ የሚያታልልሽ ነገር ዜማው ነው። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ እስከ «ፐ» በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ልጅ ፊደል የለየ ይመስልሻል፤ ዜማውን ነው የያዘው። ወረቀት ላይ የአንዲት ፊደል ያህል ቀዳዳ ቀደሽ ገበታው ላይ አሳርፊና በቀዳዳዋ የምትታየውን ብቻ ጠይቂው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ተንኮል ድሮ ያውቁታል። አግድም ያስኬዱትን ልጅ መልሰው ቁልቁል ያስኬዱታል፤ ከዚያም «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያሉ የለመደውን ቅደም ተከተል ያፈርሱበታል። ልጁ በስንደዶ ፊደሏን እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ፣ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ወንድሙ ዳዊት ደገመ ተብሎ እሱ ከፊደል አይነሣም። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቆጥራል። በቃል በሚሄደው በዜማና በቅኔው በኩል ደግሞ ዓይነ ስውራን ሳይቀሩ ተምረው መሪጌታ ሆነዋል። አለንጋቸውን አልወድላቸውም፣ እሱን ተዪላቸው። ሌላውን ግን ያለ ሐፍረት ውሰጂ። አሜሪካ ውስጥ ዶክተር ሳሙኤል ኦርተን ከተባለ ሐኪም ጋር የሠራችው አና ጊሊንግሃም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለእንግሊዝኛ ያዘጋጀችውን ዘዴ ስታነቢ፣ እያዩ፣ እየሰሙ፣ በጣት እየጻፉ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ያለፈውን እየከለሱ የሚል ነው። እዚህ አገር ሥልጠና ላይ እንደ አዲስ ግኝት በፕሮጀክተር ሲያሳዩሽ የኔታን ማስታወስሽ አይቀርም።

ስለዚህ ቁሳቁስ የለኝም ብለሽ እንዳትቀመጪ። ትሪ ላይ አሸዋ አፍስሺ፤ ልጁ ፊደሏን በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ያውጣ። ግሬስ ፈርናልድ የምትባል ሴት ሎስ አንጀለስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 በከፈተችው ክሊኒክ ቃሉን በትልቁ ጽፋ ልጁን በጣት ታስከትለው የነበረው ይህንኑ ነው። የሚያምታታቸውን ሁለት ፊደሎች በአንድ ቀን አታስተምሪ፤ «ሉ» በደንብ ካልጸና «ሊ» ደጃፍ ላይ ይጠብቅ። የገበታው ቅደም ተከተል ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ልጁ የራሱን ስም በሚጽፍባቸው ፊደሎች ብትጀምሪ ማንም አይከስሽም። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከምትሰጪው ሁለት ሰዓት ይበልጣል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልጁን ከስፖርት ወይም ከሥዕል ክፍለ ጊዜ አታውጪው። ቀኑን ሙሉ ሲወድቅ ውሎ የሚያሸንፍባት ሰዓት ያቺ ልትሆን ትችላለች። መምህራኑ ሊሰጡሽ የሚፈቅዱት እሷን ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተከራከሪ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጣ ሰው ስያሜ ይወዳል። ልጁን ሁለት ጊዜ አስነብቦ «ዲስሌክሲያ ነው» ይላል። አንቺ ሐኪም አይደለሽም፤ ለአማርኛ ተዘጋጅቶ በሰፊው የተፈተሸ መመርመሪያም እጅሽ ላይ የለም። ደግሞም ማንበብ ያቃተው ሁሉ የተለየ አእምሮ አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ውጤት አገር ያስደነገጠ ነበር፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች ተገኙ። ያን ሁሉ ልጅ ዲስሌክሲያ አልያዘውም። በአግባቡ ያላስተማርነው ነው። ከክፍሉ ልጆች ግማሹ የማያነብ ከሆነ በሽተኛው ትምህርቱ ነው፤ ሌሎቹ አንብበው እሱ ብቻውን ከቀረ፣ በደንብ ተምሮም ከቀረ፣ ያኔ ነው ሌላ ነገር የምትጠረጥሪው።

ከዚያም በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ጤና ጣቢያ ላኪው፤ ካልሄዱ አንቺው ግድግዳ ላይ የዓይን መመርመሪያውን ሰንጠረዥ ሰቅለሽ እዪው። ስንቱ «አይገባውም» የተባለ ልጅ መነጽር ብቻ ነበር የጎደለው። ጆሮው የሚመግል ልጅ አንድ ወቅት ይሰማል፣ አንድ ወቅት አይሰማም፤ መምህሩ «ሲፈልግ ይሰማል» ይለዋል። ስንት ቀን እንደቀረ አቴንዳንሱን ተመልከቺ። ቁርስ በልቶ መምጣት አለመምጣቱን ጠይቂ፣ ሲጠይቁት እንዳያፍር አድርገሽ።

የዲስሌክሲያን ታሪክ ሳነብ የምወደው አንድ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። ልጁ ፈጣን ነው፣ ሒሳብ ይችላል፣ ማንበብ ግን ጨርሶ እምቢ አለው፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ፊደል ያዛውራል። ሁሉም ሐኪሙን ያነሣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጽሑፉ ውስጥ በአንዲት መስመር የሚያልፈው የልጁ መምህር ነው፤ ትምህርቱ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ብልሁ ይህ ልጅ በሆነ ነበር ብሎ የመሰከረው እሱ ነው። ስሙ አልቀረልንም። ልጁን ግን ከሐኪሙ በፊት አይቶታል፣ ለዓመታት አብሮት ውሎ። የመማር ችግር የሚለው መጠሪያ ራሱ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ስልሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሳሙኤል ከርክ ቺካጎ ላይ ለተሰበሰቡ ወላጆች ከተናገረ በኋላ ነው። ስሙ ሳይወጣለት መምህሩ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እዚህ አገርም በኦቲዝም በኩል መንገድ የከፈተችው ሐኪም አይደለችም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራት ሴት ናት። ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለውን የማስተማሪያ ዘዴም በፊደላችን ላይ ተመሥርታ አዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በ2021 ስታርፍ ልጆቻቸውን ጓዳ ይደብቁ የነበሩ እናቶች በአደባባይ ሲያለቅሱላት አይተናል። የፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራን መጻሕፍት ለፈተና ያነበብሽውን ያህል የእሷንም ሥራ ሄደሽ እዪ።

እናቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ የሥራሽ ግማሽ እነሱ ናቸው። እናትየዋ ስትመጣ ተከስሳ እንደመጣች ናት። እስከዛሬ ትምህርት ቤት የጠራት ልጅሽ አጠፋ ለማለት ብቻ ነው። ወንበር ስጪያት፤ መጀመሪያ ልጁ የሚችለውን ንገሪያት፣ እውነት የሆነውን። ኳስ ሲከፋፍል ሁሉንም ያስታርቃል፣ ሱቅ ሲላክ መልሱን አይሳሳትም፣ ያየሽውን። ከዚያ ጠይቂያት፦ መቼ አፉን ፈታ? ትኩሳት ይዞት ያውቃል ወይ? ቤት ውስጥ ታሪክ ይናገራል ወይ? ከቤተሰቡ ፊደል ያስቸገረው ሌላ ሰው አለ ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ይሉና «አባቱም…» ይላሉ። በዘር የሚሄድ ነገር መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሷ ግን ባሏን ያሳጣች እንዳይመስላት በቀስታ ያዢው። «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «ዓይን አግኝቶት ነው» ብትልሽ አትሳቂ፣ አትቆጪም። ጠበል ትወስደው ከሆነም ጠበሉን አትንኪባት፤ ከጠበል መልስ ሃያ ደቂቃ እንዲያነብ ነው የምትለምኛት። ከእሷ የምትፈልጊው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዱላው እንዲቆም። «ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ከጓደኞቹ እጥፍ እየለፋ ነው» ብለሽ ንገሪያት፤ ደብተርሽን አሳዪያት። አባትየውን አስጠሪና ይህንኑ ንገሪው፤ አባት ሲነገረው ደስ የሚለው በቁጥር ነው፣ ባለፈው ወር ይህን ያህል ቃል ያነብ ነበር፣ አሁን ይህን ያህል በዪው።

«አንስታይንም እንዲህ ነበር» እያልሽ ግን ማንንም አታጽናኚ። አንስታይን ዲስሌክሲያ ነበረበት የሚለው ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው፤ ቢሆንስ? የዚህ ልጅ እናት ሊቅ እንዲወጣት አልለመነችም። የታክሲ ታፔላ እንዲያነብ፣ የመድኃኒት ወረቀት እንዲያነብ፣ ውል ሳያነብ እንዳይፈርም ነው የምትፈልገው። እኔም ከዚህ የበለጠ አልመኝም፤ ከዚህ ያነሰም አልቀበልም።

ጽሑፍ የሚያስቸግረው፣ ቁጥር የሚሸሸው፣ ለሁለት ደቂቃ መቀመጥ የማይችለው፣ እነዚህም ይመጡብሻል። በአንድ ወንበር ላይ ሦስቱም ሲደራረቡም ታያለሽ። ስለ እያንዳንዳቸው ሌላ ቀን እናወራለን፤ ስህተቱን መጻፍና ማየት ግን ለሁሉም ያው ነው።

የሥራ ባልደረቦችሽን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ «አምስት ልጅ ይዛ ትውላለች፣ እኛ ስድሳ» ይሉሻል። እውነት አላቸው፣ አትቆጪ። ስድሳ ልጅ የያዘ መምህር ዘንድ ሄደሽ ስለ አካቶ ትምህርት ንግግር ብታደርጊለት ልክ ነው ብሎ ይሰማሽና ምንም አይለውጥም። ሥራ የማይጨምርበት ነገር ስጪው፤ እንዲህ በዪው፦ ልጁን ከፊት አስቀምጠው። ሳይነግሩት ድንገት አስነሥተህ ጮክ ብለህ አንብብ አትበለው፤ ከፈለግህ ማታ የሚያነባትን አንቀጽ ለይተህ ንገረውና ነገ አስነብበው። ሾርት ኖት ከሰሌዳ ከመገልበጥ የጓደኛውን ደብተር ይዋስ። በተከታታይ ምዘናው ላይ ሳይንሱን በቃል ጠይቀው፤ የምትመዝነው ሳይንስ ነው እንጂ ፊደል አይደለም። ይህን ያህል ነው። ልጁ በቃል መልሶ ዘጠኝ ከአሥር ሲያመጣ መምህሩ ራሱ ስታፍ ሩም ውስጥ ይናገርልሻል፤ አንቺ ከምትናገሪው ይልቅ እሱ ይደመጣል።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። የሪሶርስ ማዕከል ተብሎ የተሰጠሽ ክፍል በመጀመሪያው ወር የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ለመሆን ይታጫል፤ በሁለተኛው ወር መምህር ሲቀር «እስቲ ሰባተኛ ቢን ያዢልን» ትባያለሽ። አንድ ቀን ያዢላቸው፣ ችግራቸው እውነተኛ ነው። የልጆችሽ ሰዓት ላይ ግን እምቢ በዪ፣ በትሕትና፣ በጽሑፍ። ልጅ አንቀበልም ተብሎ ሲመለስ ያየሽ ቀን ደግሞ ወረቀት ያስፈልግሻል፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ካወጣ ቆይቷል። እነዚህን ገልብጠሽ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪ። ፎክረሽ አታውጪያቸው። አንዴ ፈገግ ብለሽ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጪያቸው ይበቃል።

ፎቶ ሊያነሡ ይመጣሉ። ባነር ይዘው፣ ብስኩት ይዘው። ልጆችሽን አሰልፈሽ አታቁሚላቸው። የልጁ ፊት «ድጋፍ የሚሹ» በሚል ርዕስ ስር ወጥቶ ጎረቤት ስልክ ላይ ሲደርስ ትምህርት ቤት መምጣት ያቆማል። እናቱ ሳትፈቅድ ማንም አያነሣም በዪ። ብስኩቱን መቀበል ትችያለሽ።

ስለ ገንዘብ ዝም ብል ያልነገረችሽ እህት እሆናለሁ። ከጀማሪ መምህርነት እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያለው መሰላል በጊዜ ነው የሚወጣው፤ ፋይልሽን ራስሽ ተከታተዪ፣ ማንም አይከታተልልሽም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ድርጅቶች ይጠሩሻል፣ የሦስት እጥፍ ደመወዝ ይዘው። ብትሄጂ አልፈርድብሽም፣ ኪራይ ኪራይ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ልጅ ከፊደል ጀምረሽ አንቀጽ አንብቦ እስኪነግርሽ ድረስ አድርሺ። ይህን ሳያዩ ወደ ቢሮ የሄዱ ሰዎች ናቸው የማይሠራ ማንዋል የሚጽፉልን። ሁለተኛ ዲግሪውንም ከዚያ በኋላ ያዢው፤ ያኔ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ጥያቄ ከራስሽ ክፍል ይወጣል እንጂ ከኢንተርኔት አይለቀምም።

አክስታችን አሜሪካ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደውል ደግሞ ስለ ትንሹ ልጇ ታማክርሻለች፤ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ጠርቷት «ፈርሚ ብለውኝ ፈረምኩ» ነበር ያለችኝ። እዚያ ሕጉ ጠንካራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ልጅ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፣ ወላጅም በስብሰባው ተቀምጣ ትወስናለች። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላት፤ የሚሰጣትም ማስታወቂያ በተቻለ መጠን በሚገባት ቋንቋ መሆን አለበት። እንግሊዝኛው ገና ስላልጠነከረ ብቻ ልጅ የመማር ችግር አለበት ሊባል አይችልም። የእንግሊዝኛቸውን ጋጋታ ፈርታ ዝም እንዳትል ንገሪያት። ያልገባትን ወረቀት ቤት ወስዳ ማየት ትችላለች።

ራስሽንም ጠብቂ። ቅዳሜ የልጆቹን ጉዳይ አታንሺ። ቤታቸው ሄደሽ ዱቄት አትግዢላቸው፤ አንዴ ከገዛሽ አስተማሪነትሽ ያበቃና ሌላ ነገር ትሆኛለሽ፣ ልጁም ይህን ያውቃል። የሚቸገር ቤተሰብ ካለ የሚረዳ ሌላ በር ፈልጊለት፣ በስሙ ጻፊለት፣ አድርሺው፤ ያንቺ እጅ ግን ፊደል ላይ ይሁን። አንዳንድ ልጅ ሰኔ ላይም ላያነብ ይችላል። ያኔ እያለቀሱ የሚዝሉትን አትምሰዪ፤ ደብተሩን ገልጠሽ በየትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ እዪ፣ በሚመጣው ዓመት የሚረከበው መምህር ከዚያ እንዲጀምር ጻፊለት፤ ከ«ሀ» እንዳይጀምርበት።

የመጀመሪያውን ወር ጨርሰሽ እሑድ ስትመጪ ልጆቹ የጻፉትን ይዘሽልኝ ነይ፤ ንጹሑን አይደለም፣ የተሰረዘውንና የተበላሸውን። ስማቸውን ሸፍኚው። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ዘርግተን እያንዳንዱ የሳተበትን አብረን እንፈልጋለን።